የኖርዌይኛን ረጅም ቃል ከጅራቱ ያዙት

ኖርዌይኛ የጀመረ ሰው ጋዜጣ ገልጦ «መነስከረቲግሄትስኦርጋኒሳሹን» የሚል ነገር ሲያይ «ይሄ ቃል ነው ወይስ ዓረፍተ ነገር?» ቢል አይፈረድበትም። ግን አትሽሹ! ከጅራቱ ጀምሩ። «ኦርጋኒሳሹን» ድርጅት ነው፤ «ረቲግሄት» መብት፤ «መነስከ» ሰው። የሰብዓዊ መብት ድርጅት፣ በቃ።

ኖርዌይኛ ስሞችን ያለ ክፍተት ያጋጥማል፤ ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ጾታውንም የሚወስነው እሱ ነው። «ባርን» (ልጅ) ወንዴም ሴቴም ካልሆነው ሦስተኛ ጾታ ይመደባል፤ «ሃገ» (የአትክልት ቦታ) ግን ወንዴ ነው። ስለዚህ «ባርነሃገ»፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት፣ ወንዴ ሆኖ ይቀራል፤ ልጁ ድምፅ የለውም።

«ባርን» የነበረው «ባርነ» መሆኑን ልብ አላችሁ? አንዳንዴ መሀል ላይ እንዲህ አናባቢ ይገባል፤ አንዳንዴ «ስ»፤ አንዳንዴም ምንም። የትኛው መቼ እንደሚገባ ብዙውን ጊዜ ከቃሉ ጋር አብሮ መልመድ ነው። እኔን በጣም የምትገርመኝ ግን «ስ» ናት። «ቪን» ወይን፣ «ግላስ» ብርጭቆ፤ «ቪንግላስ» የወይን ብርጭቆ ነው፣ «ስ» የለበትም። ወይኑ ቀይ ወይን፣ «ሮቪን»፣ ሲሆንስ? «ሮቪንስግላስ»! የፊተኛው ክፍል ራሱ ጥምር ሲሆን «ስ» መግባት ይወዳል፤ «ቀዩ ወይኑ ነው» ብሎ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ብርጭቆው ራሱ ቀይ ከሆነማ «ሮት ቪንግላስ» ተብሎ ለብቻ ይጻፋል።

ክፍተት ቀልድ አይደለም። «ላመሎር» ተገጥሞ ሲጻፍ የበግ ጭን ነው፤ ሥጋ ቤት ትገዙታላችሁ። «ላመ ሎር» ብላችሁ ከለያያችሁት ሽባ ጭኖች ይሆናል። «ሮይክፍሪት» ማጨስ የሌለበት ቦታ ነው፤ «ሮይክ ፍሪት» ግን «እንደ ልብህ አጭስ» የሚል ትእዛዝ። ጆሮ ልዩነቱን ይሰማል፤ ጥምሩ ቃል ዋናውን ጫና ከፊት አሳርፎ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። ስሕተቱ የሚበዛው ወረቀት ላይ ነው፤ ኖርዌያውያንም ራሳቸው ይሳሳቱታል፣ እርስ በርስም ይሳሳቁበታል።

አሁን ወደ ቀለም አከፋፈሉ፣ በግጥም ቤት እንደምንቆጥረው ዓይነት ቀለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን መስመር ሲያልቅባቸው ቃሉን ከየትኛውም ፊደል ላይ ይቆርጡት ነበር። ኖርዌይኛ እንዲህ አይፈቅድም። በነጠላ ቃል በሁለት አናባቢ መካከል ያለ ተነባቢ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገራል፦ «ሃ-ገ»። ይህን ደንብ «ሁስአረስት» (የቁም እስር፣ «ሁስ» ቤት ነው) ላይ ብትሞክሩት «ሁ-ሳረስት» ይወጣል፤ «ሳረስት» የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ጥምር ቃል መጀመሪያ የሚቆረጠው በመጋጠሚያው ነው፦ «ሁስ-አረስት»።

ምርጡን ለመጨረሻ አቆይቻለሁ። «ቡስ» (አውቶቡስ) በኖርዌይኛው የላቲን ፊደል በሁለት «ስ» ይጻፋል፤ «ስቶፕ» በ«ስ» ይጀምራል። ሲጋጠሙ ሦስት «ስ» መደርደር ነበረባቸው፤ ኖርዌይኛ ግን ሦስት አንድ ዓይነት ተነባቢ አያስከትልምና አንዱን ይጥላል። ታዲያ «ቡስቶፕ» መስመር መጨረሻ ላይ ደርሶ ለሁለት ሲቆረጥ የተጣለው «ስ» ይመለሳል፦ «ቡስ» ከነሁለት «ስ»ው ከላይ፣ «ስቶፕ» ከነራሱ «ስ» ከታች።