የጋራ ፋይል ማከማቻው በድንገት ሲቆም

አንዳንድ ሰበካ ጉባኤያት የክርስትና መዝገባቸውንና ሒሳባቸውን በአንድ ሰርቨር አስቀምጠው፣ በየክፍሉ ካሉ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ይጠቀሙበታል። ይህ ሰርቨር በድንገት ደርቆ ሲቀር «ቫይረስ ነው» ወይም «መብራት ነው» ይባልና ወዲያው አጥፍቶ ማብራት ይከተላል። እኛም በጽሕፈት ቤታችን እንዲሁ ስናደርግ ቆይተናል፤ ማስረጃውን በገዛ እጃችን እናጠፋ እንደነበር የተረዳነው ግን ዘግይተን ነው።

ማኅደረ ትውስታውን፣ ዲስኩንና ኔትወርኩን ለየፕሮግራሙ የሚያድለው የሥርዓቱ እምብርት ከርነል ይባላል። ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት ብቻውን ይዘጋል፤ ከርነሉ ሲሳሳት ግን መላው ማሽን ሊቆም ይችላል። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ኤን.ኤፍ.ኤስ. የተባለው ፋይል የማጋሪያ ሥርዓት በሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ሥራውን የሚያከናውነው በዚሁ በከርነሉ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ኬዳምፕ የተባለውን መሣሪያ አዘጋጀን። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከማኅደረ ትውስታው ጥቂት ስፍራ ተከልሎ ሁለተኛ ከርነል ይቀመጥበታል፤ የመጀመሪያው ሲወድቅ ሁለተኛው ይነሣና የወደቀውን ማኅደረ ትውስታ እንዳለ ወደ ዲስክ ይገለብጣል። በዚያ መዝገብ ውስጥ የትኛው የሥራ ክፍል የትኛውን እንደጠራ በተራ ተጽፎ ይገኛል። የስሕተት መልእክቶች ተደራርበው ከሆነ መጀመሪያ የወጣውን ማንበብ ይገባል፤ የቀሩት ብዙውን ጊዜ የእርሱ ውጤቶች ናቸውና።

በመዝገባችን የተገኘው የኤን.ኤፍ.ኤስ. ስም ነበር። ይሁን እንጂ በወደቀበት ስፍራ የተገኘ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ የተበላሸ ማኅደረ ትውስታም ማንኛውንም ክፍል ሊጥል ይችላል። ስለሆነም ማኅደረ ትውስታውን ሌሊቱን ሙሉ ፈተንነው፤ እንከን አልታየበትም። ውድቀቱም ሁልጊዜ በዚያው ስፍራ ይደርስ ስለነበር ጥርጣሬያችን ከዕቃው ወደ ከርነሉ ዞረ። በቀድሞው የከርነል እትም ስናስነሣው መቆሙ ቀረ። ጥፋቱ ከአዲሱ እትም ጋር እንደመጣ ያን ጊዜ ታወቀ።

ሰርቨሩ በቆመ ጊዜ የጸሐፊው ኮምፒውተርም አብሮ ይደርቃል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ኤን.ኤፍ.ኤስ. በተለመደው አቀማመጡ ሰርቨሩ እስኪመለስ ድረስ ጥያቄውን እየደጋገመ ይጠብቃል። «ቶሎ ስሕተት ይመልስልን» ብሎ ይህን አቀማመጥ መለወጥ ግን በመጻፍ ላይ ያለውን ፋይል ሊያበላሽ ይችላልና አንመክርም።

ማረሚያው በደረሰን ጊዜ ከርነሉን ዳግመኛ አዘመንን፤ ኬዳምፕን ግን አላነሣነውም።