ነገርን ከሥሩ፤ የአሳብ ካርታ ለመሥሪያ ቤትና ለቤተ ሰብ

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ነገሩ ከወዴት እንደ ተነሣ ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ እንደ ደፈረሰ ውኃ ነውና ለማንም አይበጅም ማለታቸው ነው። ይህ ምሳሌ ለዳኞች ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን በጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር ላለበት የመንግሥት ሠራተኛም፥ የቤት ጣጣ ለበዛባት እመቤትም የሚስማማ ምክር ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጽሑፍም የአንድን ሥራ ሥርና ቅርንጫፍ በአንድ ገጽ ላይ ለማየት ስለሚረዳው፥ የአሳብ ካርታ ስለሚባለው ዘዴና ይህንኑ በኮምፒዩተር ስለሚሠራው ሶፍትዌር ነው።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን የጡረታ ገንዘብ ለመጠየቅ ወደምሠራበት ክፍል ይመላለሱ ነበር። በመጡ ቍጥር «ልጄ፥ የእኔ ነገር ከምን ደረሰ?» ይሉኛል። እኔም «እናቴ፥ በመታየት ላይ ነው፤ በሚመጣው ሳምንት ብቅ ይበሉ» እላቸዋለሁ። መዋሸቴ አልነበረም። ጧት ጧት በማነበው የሥራ ዝርዝር ውስጥ፥ በ17ኛው ተራ ላይ «የጡረታ ጉዳይ» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ዝርዝሩ 43 ተራ ነበረውና ያንን ተራ ዕለት ዕለት አነበዋለሁ፤ ዕለት ዕለትም አልፈዋለሁ። በዚህ ሁኔታ አምስት ወር አለፈ።

ጥፋቱ ከምን መጣ? «ጉዳይ» የሚለው ቃል ስም እንጂ ግሥ ባለመሆኑ ነው። «ጉዳይ» ተብሎ የተጻፈውን ማንም ሰው ተነሥቶ ሊሠራው አይችልም። ሊሠራ የሚችለው «ደብዳቤ ጻፍ»፥ «መዝገብ ፈልግ»፥ «አስፈርም» የተባለው ብቻ ነው። ደግሞም ዝርዝር ሁሉን በእኩል ተራ ስለሚያስቀምጥ፥ «እርሳስ መግዛት» የሚለውና የአንዲት ሴት የዕለት እንጀራ በአንድ ዓይነት መስመር ተጽፈው ይታያሉ። የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅም አያሳይም።

የሥነ ልቡና ሊቃውንትም ስለዚሁ ጽፈዋል። አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዘው የሚችለው ነገር 7 ያህል፥ ቢበዛም ቢያንስም በ2 የሚለይ መሆኑን አመለከተ። ኔልሰን ካውን የተባለው ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ቍጥሩን ወደ 4 ገደማ ዝቅ አደረገው። እንግዲህ 43 ነገር በአሳብ ተሸክሞ መዋል ከሰው ዐቅም በላይ ነው። ከዚህም በቀር ማሲካምፖና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፥ ያልተፈጸመ ሥራ ሰው ሌላ ነገር በሚሠራበት ጊዜ እንኳ አሳቡን እንደሚበትንበት፥ ነገር ግን ሥራው መቼና እንዴት እንደሚሠራ ተለይቶ ሲታቀድ፥ ገና ሳይፈጸም አሳቡ እንደሚያርፍለት አሳይተዋል።

ነገርን በቅርንጫፍ መክፈል አዲስ ግኝት አይደለም። ጠቅላላውን ከዝርዝሩ እየለየ ወደ ታች የሚወርደው ጥንታዊ ሥዕል፥ በ3ኛው መቶ ዓመት በነበረው ፈላስፋ ስም የፖርፊርዮስ ዛፍ ተብሎ ይጠራል። በኢትዮጵያም ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ ይዘው «አንድም፥ አንድም» እያሉ ትርጓሜውን ሲያወርዱ ከአንድ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ ማውጣታቸው ነው። በዘመናችን የአሳብ ካርታ የሚለውን ስም ከሁሉ ይበልጥ ያስፋፋው እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1974 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ባቀረበው ተከታታይ ትምህርት ዘዴውን ለሕዝብ አስተዋወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ዐረፈ። ስለ አንጎል የተናገረው ሁሉ በሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። ዘዴው ግን ቀላል ስለ ሆነ በብዙ አገር ይሠራበታል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በገጹ መካከል የዋናው ሥራ ስም ይጻፋል። ከዚያ ዙሪያውን ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች እንደ ቅርንጫፍ ይወጣሉ። ከየቅርንጫፉም ቀንበጦች ይወጣሉ። ይህን በወረቀት መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ወረቀት ቶሎ ይሞላል፥ የተጻፈውንም ማዛወር አይመችም። ሶፍትዌሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፍሪማይንድና ከእርሱ የተገኘው ፍሪፕሌን ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ይሠራሉ። ኤክስማይንድና ማይንድማኔጀር የተባሉም አሉ። በአብዛኛዎቹ «ታብ» የተባለውን ቍልፍ ሲጫኑ አዲስ ቀንበጥ፥ «ኤንተር» የተባለውን ሲጫኑ ደግሞ በዚያው ደረጃ ያለ ወንድም ቅርንጫፍ ይወጣል። አንድ ቅርንጫፍ ከነቀንበጦቹ ተጎትቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሊዛወር፥ ለጊዜው የማያስፈልገውም ሊታጠፍና ሊሰወር ይችላል። በቅርንጫፉ ላይ ምልክት ማድረግ፥ ቀን መጻፍ፥ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ካለው ደብዳቤ ጋር ማያያዝም ይቻላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ ስለ ገባ፥ ካርታውን በአማርኛም ሆነ በትግርኛ መጻፍ አያስቸግርም።

አሁን ወደ ባልቴቲቱ ነገር እንመለስ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ዘዴ ባሳየኝ ቀን፥ ለመለማመጃ ብዬ 17ኛውን ተራ በገጹ መካከል ጻፍሁ። ከእርሱም አምስት ቅርንጫፎች ወጡ፤ እነርሱም የጋብቻ ምስክር ወረቀት፥ የሟች የአገልግሎት ማስረጃ፥ የሒሳብ ስሌት፥ የኀላፊው ፊርማና የክፍያ ትእዛዝ ናቸው። በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ማን፥ ምን፥ መቼ እንደሚሠራ ልጽፍ ስጀምር፥ በሁለተኛው ላይ እጄ ቆመ። የአገልግሎት ማስረጃው እንዲላክ ለሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት፤ የጻፈ ግን አልነበረም። ሦስቱ ቀሪ ቅርንጫፎች ሁሉ ያንን ደብዳቤ ይጠብቁ ነበር። እኔ ሒሳብ ክፍል ጽፎታል እላለሁ፤ ሒሳብ ክፍልም እኔን ይጠብቃል። ደብዳቤውን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት በቃኝ። መልሱም በ9 ቀን መጣ።

ከዚህ የተማርሁት ዋናው ነገር ይህ ነው። የካርታው መካከል ስም ቢሆን አይጎዳም፤ የየቅርንጫፉ ጫፍ ግን ሁልጊዜ ግሥ ይሁን። ከግሡም አጠገብ የሠሪው ስምና ቀኑ ይጻፍ። በስም የሚያልቅ ቅርንጫፍ ሥራው ገና አልታሰበም ማለት ነው።

እንደ እኔ አማርኛን በትምህርት ላገኘ ሰውም ዘዴው ሌላ ጥቅም አለው። «ጻፈ» የሚለውን ግሥ በመካከል ብናደርግ፥ ተጻፈ፥ አጻፈ፥ ተጻጻፈ፥ ጸሐፊ፥ ጽሑፍ፥ ጽሕፈት፥ መጻፊያ፥ አጻጻፍ እያለ ይሰፋል። እነዚህን ቃላት ለየብቻ ከሚያጠና ይልቅ ከአንድ ሥር ሲወጡ ያየ ተማሪ፥ ጽሕፈት ቤትና ጸሐፊ ለምን እንደሚዛመዱ ያስተውላል።

ለቤተ ሰብም እንዲሁ ይጠቅማል። አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ባለቤቴ የዝግጅቱን ካርታ በትልቅ ወረቀት ሠርታ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ምዝገባው፥ የደንብ ልብሱ፥ ደብተሩ፥ ጫማው፥ የምሳ ዕቃው ሁሉ በቅርንጫፍ ተዘርዝሮ ነበር። የ9 ዓመት ልጃችን ቆሞ ካነበበው በኋላ፥ «እማዬ፥ ሁሉም ላይ ያንቺ ስም ነው ያለው፤ የእኔ ቅርንጫፍ የቱ ነው?» ሲል ጠየቃት። እኔም ቀና ብዬ አየሁ፤ የእኔም ስም አልነበረበትም። ለዓመታት አንድ ሰው ብቻውን የተሸከመው ሸክም በግልጽ የታየን ያን ጊዜ ነው። በዚያው ምሽት ምዝገባውንና ጫማውን እኔ፥ ደብተር መለበዱን ልጁ ወሰድን።

ይሁን እንጂ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። ሶፍትዌሩ ቀለሙና ሥዕሉ ብዙ ስለ ሆነ፥ ካርታውን ሲያሳምሩ መዋል የሠሩ ያህል ያስመስላል። ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ለአጣሪው ነው እንጂ ለሥዕል ሠሪው አይደለም። ስለዚህ ለካርታው ጧት ከ10 ደቂቃ የበለጠ ጊዜ አይሰጠው። የተፈጸመው ቅርንጫፍ ወዲያው ይታጠፍ። በየሳምንቱም መጨረሻ፥ ያልተንቀሳቀሰው ቅርንጫፍ ማንን እንደሚጠብቅ ይመርመር። ኮምፒዩተር የሌለውም አንባቢ እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል።

ባልቴቲቱ ገንዘባቸውን በተቀበሉ ቀን ወደ ክፍሌ ገብተው መረቁኝ። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አፈርሁ። ሩብ ሰዓት በማይሞላ ሥራ አምስት ወር ያመላለስኋቸው እኔ ነበርሁና። አንባቢ ሆይ፥ አንተም ዛሬ ከዝርዝርህ ውስጥ «ጉዳይ» የሚለውን አንዱን ተራ አውጥተህ በባዶ ገጽ መካከል ጻፈው፤ ግሡንም ፈልግለት። በዚያ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፥ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ ሰው ይኖር ይሆናል።