የሲቲዝንሺፕ ፈተና፦ ከሽምደዳ ባሻገር

አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ይዘው ለዜግነት የሚያመለክቱ ኢትዮጵያውያን የሚቀርብላቸው የታሪክና የመንግሥት አወቃቀር ፈተና ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ ተለውጧል። ድሮ የሚጠናው 100 ጥያቄ ነበር፤ ፈታኙ ከዚያ ውስጥ እስከ 10 ይጠይቃል፣ 6 የመለሰ ያልፋል። አሁን የሚጠናው 128 ነው። የሚጠየቀው እስከ 20 ሲሆን ለማለፍ 12 መመለስ ያስፈልጋል። አሥራ ሁለት የሞላለት እዚያው ላይ ይቆምለታል፤ 9 የሳተም እዚያው ላይ ያበቃበታል። ከተጠቀሰው ቀን በፊት የዜግነት ማመልከቻውን፣ ኤን-400 ፎርሙን፣ ያስገባ ሰው ግን የሚፈተነው በቀድሞው 100 ጥያቄ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈተናው የቃል ነው፤ ምርጫ ተሰጥቶ የሚከበብበት አይደለም። ብዙው ሰው የሚዘጋጀው ጥያቄና መልሱን በስልኩ እየከፈተ፣ መኪና እየነዳ ወይም የሥራ ፈረቃውን እየጠበቀ ደጋግሞ በመስማት ነው። አዲሱ ዝርዝር ግን «ስንት?» እና «ማን?» ከሚሉት ጎን «ለምን?» የሚሉ ጥያቄዎችን ይዟል። እያንዳንዱ ስቴት ለምን ሁለት ሴናተር ኖረው? የተወካዮች ምክር ቤት አባላት የሥራ ዘመን ከሴናተሮቹ ለምን አጠረ? የሸመደደ ሰው አንድ ቃል ካመለጠው መልሱ አብሮ ይጠፋበታል። ምክንያቱ የገባው ግን በራሱ አነጋገር ይመልሰዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ሰው ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ሕግ ተርጓሚ የሚባሉትን ሦስቱን የመንግሥት አካላት ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቃቸዋል። የሚያደናግረው አሠራራቸው ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሠረት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አብላጫውን ወንበር ያገኘው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው። ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ቢሆንም ዋናው የአስፈጻሚነት ሥልጣን ያለው በጠቅላይ ሚኒስትሩና በሚኒስትሮች ምክር ቤት እጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር የለም። ፕሬዚዳንቱ በተለየ ምርጫ ለ4 ዓመት ይመረጣል፤ የኮንግረስ ወንበርና የፕሬዚዳንትነት ሥልጣን ደርቦ መያዝ አይቻልም። በዚህ የተነሳ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ በኮንግረስ ውስጥ አናሳ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሕግ የሚያወጣው ኮንግረስ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ይፈርምበታል ወይም ቪቶ ያደርገዋል፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከተስማሙ ደግሞ ቪቶውን ይሽሩታል። «ከመንግሥት አካላት አንዱ ከልክ በላይ ኃያል እንዳይሆን የሚያግደው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው እርስ በርስ የመቆጣጠር ሥርዓት ነው።

ፍርድ ቤት ላይም ልዩነት አለ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤም ጉዳዩን እያጣራ ያቀርብለታል። በአሜሪካ ይህን የሚሠሩት ፍርድ ቤቶች ናቸው፤ የመጨረሻው ቃልም 9 ዳኞች ያሉት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ማርበሪና ማዲሰን በተባሉ ሰዎች ስም በሚታወቀው የ1803 ክርክር ፍርድ ቤቱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሕግ ሊፈጸም እንደማይችል ወሰነ፤ አሠራሩም በዚያው ጸና። ዳኞቹን የሚያጨው ፕሬዚዳንቱ፣ የሚያጸድቀው ሴኔቱ ነው፤ አንዴ ከተሾሙ በኋላ የሥራ ዘመናቸው በዓመት አይገደብም።

ሁለት ሴናተር የመጣው ከ1787 የፊላደልፊያ ጉባኤ ነው። እንደ ቨርጂኒያ ያሉ ሕዝበ ብዙ ስቴቶች ውክልናው በሕዝብ ብዛት ይሁን አሉ። እንደ ኒው ጀርዚና ዴላዌር ያሉት ትንንሾቹ ደግሞ እንዳይዋጡ ስለሰጉ እኩል ድምፅ ጠየቁ። ስምምነቱ ሁለቱንም አስታረቀ፦ ዛሬ 435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት ተደለደለ፤ በሴኔት ግን ትልቁም ትንሹም ስቴት እኩል ሁለት ሁለት ወንበር ያዘ። ተወካዮቹ በየ2 ዓመቱ ለምርጫ የሚቀርቡት ከመራጩ ስሜት እንዳይርቁ ነው። የሴናተሮቹ ዘመን 6 ዓመት ነው፤ እስከ 1913 ድረስም የሚመርጧቸው የየስቴቱ ምክር ቤቶች እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ አልነበረም።

«ከስቴትህ ሴናተሮች አንዱን ጥቀስ» የሚለው ጥያቄ ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር አበሻ እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የሜሪላንድን፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር የቨርጂኒያን ሴናተር ይጠራል። ዲሲ ውስጥ የሚኖረው ግን ትክክለኛ መልሱ «ዲሲ ሴናተር የላትም» የሚል ነው፤ ስለ አገረ ገዢም ቢጠየቅ እንዲሁ። ዲሲ ስቴት ስላልሆነች በተወካዮች ምክር ቤት ያላት እንደራሴ በሕጎች የመጨረሻ ድምፅ አሰጣጥ ላይ አይሳተፍም፤ ነዋሪዎቿ ፕሬዚዳንት መምረጥ የቻሉትም በ1961 በጸደቀው 23ኛው ማሻሻያ ነው። በከተማዋ የመኪና ታርጋ ላይ ያለ ውክልና ግብር መክፈል ይብቃ የሚል መፈክር የሚነበበው ለዚህ ነው። መፈክሩ የተወረሰው በእንግሊዝ ላይ ካመፁት የ13ቱ ቅኝ ግዛቶች ሰዎች ነው፤ ቅኝ ተገዢዎቹ እንግሊዝን ለምን እንደተዋጉ የሚጠይቀው ጥያቄም ከመልሶቹ አንዱን ከዚሁ ያገኛል።

የታሪኩ ክፍል ተፈታኙን ራሱን የሚነካው ደግሞ ከዚህ በኋላ ነው።

በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ከውጭ መጥቶ ዜጋ መሆን የሚችለው «ነጻ ነጭ ሰው» ብቻ መሆኑን ደነገገ። በ1857 ደግሞ ድሬድ ስኮት የተባለ ባሪያ ነጻነቱን ጠይቆ ሲከራከር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከአፍሪካ ተማርከው የመጡ ሰዎች ዘሮች፣ ነጻ ቢወጡም እንኳ፣ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ፈረደ። ያን ፍርድ የሻረው ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነትና እሱን ተከትለው የመጡት ማሻሻያዎች ናቸው። 13ኛው በ1865 ባርነትን አስቀረ፤ 14ኛው በ1868 በአሜሪካ ምድር የተወለደን ዜጋ አደረገ፤ 15ኛው በ1870 በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት እንዳይከለከል አዘዘ። በዚያው በ1870 የዜግነቱ ሕግ ተሻሽሎ በአፍሪካ የተወለዱና የአፍሪካ ተወላጆች ለዜግነት እንዲያመለክቱ ተፈቀደ። ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ ማመልከቻ ማስገባት የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

በር ግን ገና አልተከፈተም። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ ኮታ ሲመድብ ለኢትዮጵያ የደረሳት ዝቅተኛው ቁጥር፣ በዓመት 100 ሰው ነበር። ይህ የኮታ ሥርዓት የፈረሰው ማርቲን ሉተር ኪንግና ሌሎች የመሩት የሲቪል መብት ትግል በ1964 የሲቪል መብት ሕግን ካስገኘ በኋላ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በኦክቶበር 1965 አዲሱን የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። ቀጥሎ የ1980ው የስደተኞች ሕግ መጣ፤ ከደርግ ሸሽተው ሱዳን ከገቡት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ አሜሪካ የደረሱት በዚያ በኩል ነው። በ1990 የጸደቀው ሕግ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀውን ዲቪ አመጣ። ስለዚህ «ማርቲን ሉተር ኪንግ ምን ሠራ?» ተብሎ የሚጠየቅ ኢትዮጵያዊ፣ እሱ ራሱ ወይም ወላጆቹ ወደ አሜሪካ የሚገቡበትን መንገድ ስለጠረገ ትግል መጠየቁ ነው።

ለአዛውንቶች የተደረገውን አስተያየት ብዙ ቤተሰብ ስለማያውቀው አዛውንቶቹ ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ። ዕድሜያቸው 50 ሆኖ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሆነው 15 ዓመት የኖሩ ከእንግሊዝኛው ፈተና ነጻ ናቸው፤ የታሪኩን ፈተና አስተርጓሚ ይዘው በአማርኛ ወይም በሌላ አፍ በፈቱበት ቋንቋ መውሰድ ይችላሉ። 65 ዓመት የሞላቸውና 20 ዓመት የኖሩት ደግሞ የሚያጠኑት ተለይተው የተቀመጡ 20 ጥያቄዎችን ብቻ ነው፤ 10 ተጠይቀው 6 ከመለሱ ያልፋሉ። በሕመም ምክንያት መማር የማይችል ሰው ሐኪም በሚሞላው ኤን-648 ቅጽ ከፈተናው ነጻ እንዲሆን ማመልከት ይችላል። በመጀመሪያው ቀን የወደቀ ሰውም ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የወደቀበትን ክፍል ብቻ ደግሞ ይፈተናል።

ከፈተናው በኋላ ቃለ መሐላ ይከተላል። መሐላውን የፈጸመ ኢትዮጵያዊ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። በ1994 ዓ.ም. አዋጅ የመጣው፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ አገር ቤት ለመግባት፣ ለመሥራትና ለመነገድ ይረዳዋል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድለትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፅ የሚሰጥበት ምርጫ የአሜሪካው ብቻ ይሆናል፤ ስለ ሴናተሩ፣ ስለ ተወካዩና ስለ አገረ ገዢው ያጠናውም የምርጫ ወረቀቱን ሲቀበል ያስፈልገዋል።