«ልቀቅ» ባይ ያጣ አንጀት

ሕፃኑ ከተወለደ ሁለት ቀን ሞልቶታል። ጥቁሩ የመጀመሪያ ዓይነ ምድር አልወጣም፤ ሆዱ ተነፍቷል፣ አረንጓዴ ያስመልሰዋል። ዴንማርካዊው የሕፃናት ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ እ.ኤ.አ. በ1886 በርሊን ላይ በዚህ ዓይነት የሆድ ድርቀት ተሠቃይተው የሞቱ ሁለት ሕፃናትን ታሪክ አቀረበ። ትልቁ አንጀታቸው ከልክ በላይ ተለጥጦ ነበር። በሽታው ያው የተለጠጠው ክፍል ነው ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ብዙ ቀዶ ሐኪሞች እሱን ሲቆርጡ ኖሩ። ሕፃናቱ ግን አልዳኑም።

ባላገር ሲያዝን «አንጀቴ ተላወሰ» ይላል። ለመሆኑ አንጀትን የሚያላውሰው ማን ነው? ጡንቻው ምቱን የሚቀበለው ስፔናዊው ተመራማሪ ካሃል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካያቸው ሕዋሳት ነው። እሱ ነርቭ መስለውት ነበር፤ ነርቭ አይደሉም። በደቂቃ ጥቂት ጊዜ የሚመላለስ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያመነጫሉ። የልብ ምት ቀስቃሽ ሕዋሳት አምሳያ መሆናቸው በደንብ የተረጋገጠው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1990ዎቹ በአይጦች ላይ ነው።

የነርቩ ሥራ ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ ቤይሊስና ስታርሊንግ በ1899 በውሻ አንጀት ላይ እንዳሳዩት፣ ምግቡ ካለበት በላይ ያለው ጡንቻ ሲኮማተር በታች ያለው ይላላል። ማኮማተሪያው አሴቲልኮሊን፣ ማላሊያው በዋናነት ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ሁለቱንም የሚያዝዘው በጡንቻው ድርብርብ መካከል የተዘረጋው የነርቭ መረብ ነው። ለእኔ የነገሩ ቁልፍ ማላላቱ ነው፤ ጡንቻው ለመጨበጥ ብዙም አስተማሪ አይሻምና።

የዚህ መረብ ሕዋሳት በፅንሱ ውስጥ ከአንገት አካባቢ ተነሥተው አንጀቱን ይዘው ቁልቁል ይወርዳሉ። መንገድ ላይ ከቀሩ ሁልጊዜ ባዶ የሚሆነው የመንገዱ መጨረሻ፣ ፊንጢጣ አጠገብ ያለው ክፍል ነው። ያ ክፍል «ልቀቅ» የሚለው የለም፤ እንደተጨበጠ ይቀራል። ከበላዩ ያለው ጤነኛው አንጀት ሲገፋ፣ ሲገፋ ይለጠጣል። ያ ሁሉ ቢላ ያረፈው እንግዲህ በጥፋተኛው ላይ ሳይሆን በተበዳዩ ላይ ነበር።

በ1948 ቀዶ ሐኪሙ ኦርቫር ስዌንሰን ከቦስተን ያሳወቀው ቀዶ ሕክምና ጠባቡን፣ ጤነኛ የሚመስለውን ክፍል አውጥቶ ነርቭ ያለውን አንጀት ወደ ታች ስቦ የሚያገናኝ ነው። መሠረቱ ዛሬም አልተለወጠም። ከ5,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ይዞት በሚወለደው በዚህ ሕመም፣ ቀዶ ሐኪሙ ከአንጀቱ ግድግዳ ቅንጣቢ ቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ሕፃኑ በማደንዘዣ እንደተኛ ቢላው ቆሞ ይጠበቃል፤ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ባለሙያ የነርቭ ሕዋሳቱ «አሉ» እስኪል ድረስ።