የማንሳፈፊያ አረፋ

የማንሳፈፊያ አረፋ ማለት በማዕድን ማጣሪያ ታንክ ውስጥ ከውሃ ጋር በተቀላቀለ የድንጋይ ዱቄት አየር ሲገባበት ከላይ የሚጠራቀመው የአረፋ ሽፋን ነው። መዳብ፣ እርሳስና ዚንክ ከድኝ ጋር ተዋህደው የሚገኙባቸው ማዕድናት በአብዛኛው የሚለዩት በዚህ ዘዴ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአውስትራሊያ፣ ብሮክን ሂል፣ ቀድሞ ከተጣለ ዝቃጭ ውስጥ ዚንክን ለማውጣት አስችሏል።

አሠራር

የሚፈለገው የማዕድን ቅንጣት እንደ ዛንቴት ባለ ኬሚካል ሲሸፈን ውሃ አያርሰውም፤ ስለዚህ ከአየር አረፋ ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል። ዋጋ የሌለው ድንጋይ አብዛኛው ከታች ይቀራል። ሆኖም ደቃቁ በአረፋዎች መካከል ካለው ውሃ ጋር አብሮ ይወጣል። ውሃው ተመልሶ ወደ ታች ሲንጠፈጠፍ ይህንን ድንጋይ ይዞት ስለሚወርድ፣ የአረፋው ሽፋን እንደ ሁለተኛ ማጣሪያ ያገለግላል።

አረፋውን የሚለውጡ ሁኔታዎች

የአየር መጠን፦ አየሩ ሲያንስ አረፋው ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ብዙው ከታንኩ ጠርዝ ሳይደርስ ይፈነዳል፤ የያዘው ማዕድንም ተመልሶ ይወድቃል። አየሩ ሲበዛ አረፋው ብዙ ውሃና ድንጋይ ይዞ ይወጣል። ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ በእያንዳንዱ አረፋ ላይ ያለው ማዕድን ስለሚሳሳ ሽፋኑ ጽናቱን ያጣል። ስለዚህ ሳይፈነዳ ከጠርዙ የሚያልፈው አረፋ ድርሻ ከፍተኛ የሚሆነው በመካከለኛ የአየር መጠን ነው።

የሽፋኑ ውፍረት፦ ወፍራም ሽፋን ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ጊዜ ስለሚሰጥ የምርቱን ጥራት ይጨምራል፤ ነገር ግን ብዙ አረፋ ስለሚፈነዳበት የሚገኘው ማዕድን ይቀንሳል። ቀጭን ሽፋን ተቃራኒውን ያስከትላል።

አረፋ ፈጣሪ ኬሚካል፦ እንደ ፓይን ዛፍ ዘይት ያሉ ኬሚካሎች አረፋዎች እርስ በርስ እንዳይዋሃዱ ስለሚከላከሉ ትናንሽ ሆነው ይቆያሉ። ሲበዛ ግን አረፋው እርጥብና ግትር ይሆናል፤ ከታንኩ ከወጣ በኋላም ቶሎ ስለማይከስም ፓምፖችን ያስቸግራል።

የቅንጣት መጠን፦ ሻካራ ቅንጣት አረፋ ሲፈነዳ በቀላሉ ይላቀቃል፤ እጅግ ደቃቅ የሆነው ውሃውን ተከትሎ ይሄዳል።

የማጠቢያ ውሃ፦ በረጃጅም የአምድ ታንኮች ከላይ የሚረጨው ውሃ በአረፋው መካከል የገባውን ድንጋይ አጥቦ ይመልሳል።

ቁጥጥር

ሠራተኞች የአረፋውን ቀለም፣ ስፋትና ፍጥነት በዓይን ወይም በካሜራ ይከታተላሉ። ማዕድኑ ወደ ዝቃጭ ከሄደ ብረቱ ይባክናል፤ ድንጋይ ወደ ምርቱ ከገባ ደግሞ የማቅለጡ ወጪ ይጨምራል። በመሆኑም አየሩ፣ ውፍረቱና ኬሚካሉ ተነጣጥለው ሳይሆን አንድ ላይ ይስተካከላሉ።