ፎርክሊፍትና ተቀጥላዎቹ

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲያ ያለው እህል በረንዳ ለብዙ ዘመን በተሸካሚ ጀርባ ሲራገፍ ኖሯል። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ወገብ የሚጎዳውም በዚሁ ነው።

የማኅበር መጋዘን ያላችሁ ገበሬዎች ሌላ መንገድ አላችሁ። ፎርክሊፍት የሚባለው መኪና በፊቱ ሁለት የብረት ጣቶች፣ በኋላው ሚዛን የሚጠብቅለት ከባድ ብረት አለው። ጣቶቹ ኩንታሉ ከተደረደረበት የእንጨት ርብራብ ሥር ገብተው ያነሣሉ። ለድርቆሽ እስር ግን ጣቶቹ ይወጡና ከግራና ከቀኝ አቅፎ የሚይዝ መቆንጠጫ ይገባል። ተቀጥላው የራሱ ክብደት ስላለው፣ ጭነቱንም ወደ ፊት ስለሚያርቀው፣ 2,000 ኪሎ ያነሣ የነበረው መኪና ከዚያ ያነሰ ብቻ ይችላል፤ ይህን የዘነጋ ነጂ መኪናው በፊቱ ይደፋበታል። ጠጣር ጎማ ያለው ዓይነት ለሲሚንቶ ወለል እንጂ ለጭቃ አይሆንም፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የልማት ሠራተኛው ወለሉን ይመልከትላችሁ። ጥቂት ኩንታል ለሚያስገባ መጋዘን ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ ይበቃል፤ እሱም ነዳጅ አይጠጣም።