ወራጅ አለ

ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ መስኮቱ ጥግ ተቀምጦ ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፍኗል። ረዳቱ በተጣራ ቁጥር ግን እሱም በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ዜማ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላል። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው አልንቀሳቀስ ሲል ልጁ ይጮህ፣ ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር ያጋጭ ጀመር። እናቱ እጇን በመስታወቱና በግንባሩ መካከል አስገባች። ከዚያ በኋላ የሚመታው እጇ ነበር። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ «አሳዳጊ የበደለው» አለ።

ይህ ስድብ በሁላችንም ቤት አለ። የዚያን ቀን ግን የሴትየዋን እጅ እያየሁ ስለነበር አልለቀቀኝም። አብሬያት ወረድኩ። ኦቲዝም ያለበትን ልጇን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ለአርባ አምስት ደቂቃ ቴራፒ ነው የምታመላልሰው። ለዚያች አርባ አምስት ደቂቃ መንገዱ በሁለት ታክሲ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይበላል።

«ለእሱ ሙሉ ሒሳብ ነው የምከፍለው» አለችኝ። «ባቅፈው ይቀንስልኛል፤ ግን ሰው ሲነካው ይሸበራል። ‹እናት፣ እቀፊውና ሰው ይቀመጥ› ይሉኛል። ከፍዬበታለሁ እላለሁ። በየቀኑ እንዲህ እየተከራከርኩ ነው የምደርሰው። አየሽ፣ ቴራፒው የሚጀምረው ታክሲ ተራ ላይ ነው።»

ጥፋቱን በእናት ላይ መጣል የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝም ስላለባቸው 11 ልጆች ሲጽፍ፣ የወላጆቻቸውን ቅዝቃዜም አብሮ መዝግቦ ነበር። ያች አስተያየት አድጋ በአሜሪካ «የፍሪጅ እናት» የሚባል ስም ወለደች። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ልጁ ወደ ውስጡ የሸሸው ከእናቱ ነው እስከማለት ደረሰ። በዚያ ዘመን የነበሩ እናቶች ልጃቸውን ይዘው ሐኪም ቤት ሲሄዱ ምን ሰምተው እንደሚመለሱ ማሰብ ይከብደኛል። ለዚህ አመለካከት፣ ከቤተልሃይም መጽሐፍም በፊት፣ የመጀመሪያውን ጠንካራ መልስ የሰጠው፣ ራሱ የኦቲስቲክ ልጅ አባት የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ነው፤ በ1964 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩ ከአእምሮ አፈጣጠር የሚመጣ እንጂ ከአስተዳደግ እንዳልሆነ ተከራከረ። በ1977 ደግሞ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር በእንግሊዝ 21 ጥንድ መንትዮችን መርምረው ዘር ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳዩ። ሳይንሱ እናትን ነፃ ካወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነው ነው ማለት ነው። ወሬው ገና ከኋላ ወንበር አልደረሰም።

በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት አእምሮ ሕክምና ክሊኒኮች የተገኙ 102 አሳዳጊዎች የተጠየቁበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ከመቶ 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ከመቶ 40 የሚሆኑት ምክንያቱን መንፈስ፣ ከሩብ በላይ የሚሆኑትም ኃጢአት ብለውታል። እናትየውን ስለዚህ ስጠይቃት ዐይኗን አልሰበረችም። «ጠበል ወስጄዋለሁ፤ አሁንም እወስደዋለሁ፣ እምነቴ ነው። ያስለቀሰኝ ጠበሉ አይደለም፤ የገዛ አክስቴ ‹ምን ሠርተሽ ነው?› ማለቷ ነው።»

በዚህች አገር ይህን ጥያቄ በአደባባይ የመለሰችው አንዲት እናት ናት። ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ነበረች፤ ኦቲስቲክ ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋመች። በአደባባይ ወጥታም ስለ ልጇ ያለ ሐፍረት ተናገረች። ከሥራዋ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ አቡጊዳ ፎነቲክስ ያለችው የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ በአንድ ምልክት ይይዛል፤ አፉን ለመክፈት ለሚቸገር ልጅ ‹በ›ን ‹ቡ›ን ‹ቢ›ን እያሉ የከንፈርን ቅርፅ ማሳየት ይቻላል። የቄስ ትምህርት ቤቱ ሀሁ ለቴራፒ ዋለ። ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈች። በእሷ ማዕከልም፣ ወላጆች ባቋቋሙት የነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም ደጅ ተራ የሚጠብቅ ወላጅ አልጠፋም።

የታክሲዋ እናት በሌላ ማዕከል ተራ እስኪደርሳት አንድ ዓመት ከአራት ወር ጠብቃለች። «ሐኪሙ ‹ኦቲዝም ነው፣ ቴራፒ ያስፈልገዋል› ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። የት? አልኩት። ‹አፈላልጊ› አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ጡቴ ሥር አደረግኩት። ቤት ስደርስ በላብ ርሶ ጽሑፉ ፈዟል።»

ያንኑ «የት?» የሚለውን ጥያቄ ይዤ ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው በትሕትና አስቀመጡኝ፤ ሻይም አስመጡልኝ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ማጽደቋን ነገሩኝ። ከምርመራ በኋላ ልጁ የት ይሂድ ስላቸው ጥያቄውን በደብዳቤ እንዳስገባ ጠየቁኝ። አስገባሁ። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ።

መልሱ የማይገኝ ሆኖ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው የአሳዳጊዎች ሥልጠና እዚሁ አገር ተሞክሯል። ለማሠልጠን ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየቤቱ የምትገባበት አገር ይህን በየወረዳው ማድረስ አያቅተውም፤ እኔ በፍጹም አምናለሁ።

እናትየው ሥራዋን ለቃለች፤ ሌሊት እንጀራ ጋግራ ለሱቅ ታስረክባለች። ባሏ ሄዷል። የልጁ ታላቅ እህት ጓደኞቿን ቤት አታመጣም።

ቤታቸው ስገባ መሬት ላይ ምስር የሞላበት ሳፋ አየሁ። እናትየው የልብስ ቁልፎች ውስጡ ትደብቃለች፤ ልጁ እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ ይፈልጋል። ቴራፒስቷ ናት ያሳየቻት። «እዚያ አርባ አምስት ደቂቃ፣ እዚህ ቀኑን ሙሉ» አለች ምስሩን እያነሳች እየበተነች።

ማዕከሉ ውስጥ ሲሰለቸው «በቃ» እንዲል ለወራት ሲያለማምዱት ነበር። አልወጣውም። አንድ ሐሙስ የሥዕል ካርዶቹን አንድ በአንድ ደርድሮ ቆመና በሩን እያየ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «ወራጅ አለ!» አለ። ቴራፒስቷ ወዲያው በሩን ከፈተችለት።

ባለፈው ሐሙስ አብሬያቸው ሄድኩ። ሜክሲኮ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ታክሲው ሞላ፣ ሙዚቃውም ከፍ አለ። ልጁ ጆሮውን ደፈነና «ወራጅ አለ!» ሲል ረዳቱ ጥጉን አስይዞ በሩን ከፈተ። ማዕከሉ ገና ሩቅ ነበር። እናትየው ቦርሳዋን አነሳች፤ በእግር ሄድን።